የአጥንት ሰነድ፦ የጥንት ሰው ታሪክ እንዴት ይጠናል?

  

ግቢ የገባ ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት በታሪክና በሶሻል አንትሮፖሎጂ ኮርሶች ውስጥ «የሰው ልጅ አመጣጥ» የሚል ምዕራፍ ይገጥመዋል። ከሌክቸሩ በኋላ በየዶርሙ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው፤ አጥንቱንም ራሳቸው ሠርተው የቀበሩት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ለማንም ሳያማክር፣ በልቡ «እንግዲያውስ የተማርኩት ዲን ምን ሊሆን ነው?» እያለ ይጨነቃል። የመጀመሪያው ሳያጣራ ክዷል፣ ሁለተኛው ሳያጣራ ተቀብሏል። ሁለቱም ያላደረጉት ነገር አንድ ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደታወቀ አልጠየቁም።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ይከለክለናል። በሱረቱል ዐንከቡት 20ኛው አንቀጽ ደግሞ በምድር ላይ ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድንመለከት ያዘናል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ከአጥንት ተመራማሪዎች ጋር ለመሟገትም ሆነ እነሱን ለማወደስ አይደለም። ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚለኩና ምን እንደሚገምቱ ለይተን እንድናውቅ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ምን ያጠናል?

ብዙዎቻችን ሁሉንም «አርኪዮሎጂስት» ብለን እንጠራለን። ሥራው ግን የብዙ ሙያ ሰዎች የጋራ ሥራ ነው። አርኪዮሎጂስት ሰው የሠራውንና የተወውን ነገር ያጠናል፤ የድንጋይ መሣሪያ፣ የእሳት ምድጃ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የቤት መሠረት። ፓሊዮአንትሮፖሎጂስት ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን ቅሪተ አካል፣ ማለትም አጥንቱንና ጥርሱን ያጠናል። ጂኦሎጂስት አጥንቱ የተገኘበትን የመሬት ንብርብር ያነባል። በዚያን ዘመን አካባቢው ጫካ ይሁን ሜዳ ለማወቅ የእንስሳት አጥንትና የዕፅዋት ብናኝ የሚመረምሩም አሉ።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእግር ነው። በአፋር ዝቅተኛ ስፍራዎች ዝናብና ጎርፍ ኮረብታውን በየዓመቱ ይሸረሽሩታል፤ ለረጅም ዘመን ተቀብሮ የኖረ አጥንት ብቅ ይላል። የፍለጋው ቡድን ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንድ ቁራጭ ሲገኝ ወዲያው አይነሳም። ቦታው ምልክት ይደረግበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ትክክለኛው መገኛ በመሣሪያ ተለክቶ ይመዘገባል። ከዚያም አካባቢው በካሬ ተከፋፍሎ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር በወንፊት ይነፋል፤ የሚሰባበር አጥንት በጀሶ ተሸፍኖ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል።

ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2000 በአፋር ዲኪካ የተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል «ሰላም» በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ፍቆ ፍቆ አጥንቱን ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ውጤቱ ይፋ የሆነው በ2006 ነው። ከ1994 ጀምሮ በአራሚስ የተሰበሰበችው «አርዲ» ደግሞ ሙሉ ጥናቷ የወጣው በ2009፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። «አርዲ» የሚለው ስም በአፋርኛ «መሬት» ማለት ነው። የአፋር ሙስሊም ወገኖቻችን ምድርና ቋንቋ በዚህ ዕውቀት ውስጥ ስሙን አስፍሯል።

ቦታው የአጥንቱ ሰነድ ነው

ሐዲስ የተማረ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ብለዋል» የሚል ንግግር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማው? ተገናኝተዋል ወይ? ታማኝ ነው ወይ? ኢስናድ የሌለው ወሬ ምንም ያህል ቢያምር ሚዛን አይደፋም።

ወሕይንና አጥንትን እኩል ማድረጋችን አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው እንጂ፣ አንድ ቅሪተ አካልም የራሱ «ሰነድ» አለው። ሰነዱ የተገኘበት ቦታ ነው፦ የትኛው ንብርብር ውስጥ ነበር? ከበላዩና ከበታቹ ምን ነበር? አብረውት ምን ተገኙ? ውኃ ከሌላ ቦታ አምጥቶት ይሆን? ከገበያ የተገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የራስ ቅል ለተመራማሪ ሰነዱ የተቆረጠ ወሬ ነው። ለዚህም ነው ከቅርስ ቦታ ድንጋይ ወይም አጥንት አንስቶ ወደ ቤት መውሰድ ትልቅ ጥፋት የሚሆነው። አንሺው ዕቃውን ብቻ አልወሰደም፤ ምስክርነቱን ሰርዟል።

ንብርብር እንዴት ይነበባል? በመሶብ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለል፣ ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድ፣ የሐይቅ ጭቃ እንዲሁ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራል። አንዳንዴ መሬት ተሰንጥቆ ንብርብሩ ይዛነፋል፤ አውሬም ጉድጓድ ቆፍሮ የላዩን ወደ ታች ያወርዳል። የጂኦሎጂስቱ አንዱ ሥራ ይህ እንዳልሆነ ማረጋገጥ ነው።

ይህ ዓይነቱ አስተውሎት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ስለ ህንድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሰሜን ህንድን አፈር አይቶ ነበር። በተራሮቹ አጠገብ ድንጋዮቹ ትልልቅና ክብ፣ ራቅ ሲሉ ትንንሽ፣ ወንዙ ወደ ባሕር በተጠጋ ቁጥር ደግሞ አሸዋ እንደሚሆኑ አስተዋለ። ከዚህም ተነስቶ ምድሪቱ ድሮ ባሕር እንደነበረችና በደለል እንደተሞላች ደመደመ። ከአላህ ፍጥረት ምልክትን ማንበብ ከዒባዳው የሚያርቀው መስሎ አልታየውም።

ዕድሜው እንዴት ይለካል?

በግቢ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሰማ ስህተት አለ፦ «ድንቅነሽን በካርቦን ለክተው ነው፤ ካርቦን ደግሞ አያስተማምንም።» ድንቅነሽ በካርቦን አልተለካችም። ካርቦን 14 ሕያው የነበረ ነገር ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ ለሆነ ነገር የሚለካ ቅሪት አይተርፍም። ለቅርብ ዘመን ታሪክ ጥሩ ሚዛን ነው፤ ለሚሊዮን ዓመታት ግን አይሠራም።

ለረጅሙ ዘመን የሚያገለግለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ከፖታሲየም አንዱ ዓይነት፣ ፖታሲየም 40፣ እጅግ በዝግታ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት እንፋሎት ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርገን እዚያው ታስሮ ይጠራቀማል። በቤተ ሙከራ የተጠራቀመውን መለካት ክዳኑ ከተዘጋ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይናገራል።

ልብ በሉ፤ የተለካው አመዱ እንጂ አጥንቱ አይደለም። አጥንቱ ከአንዱ አመድ በላይና ከሌላው በታች ከተገኘ፣ ዕድሜው በሁለቱ መካከል ይሆናል። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ የንብርብሩ ንባብ ከተሳሳተ ልኬቱ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን መልሱ ይሳሳታል። ሰነዱ ሲፈርስ ሁሉም ይፈርሳል።

ቁጥሩ ሲለወጥ ምን ማለት ነው?

«ዛሬ ይህን፣ ነገ ያን ይላሉ» የሚለው ትችት የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት።

በ1967 በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ኪቢሽ የእኛን የመሰለ ሰው የራስ ቅልና የሌላ አካል አጥንቶች ተገኙ። በመጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ገደማ ተሰጣቸው። ይህ ልኬት ከአጥንቱ ጋር በተያያዙ የውኃ እንስሳት ቅርፊቶች ላይ የተመሠረተ ሲሆን ደካማነቱ ይታወቅ ነበር። በ2005 የወጣ ጥናት የአመዱን ንብርብሮች በአዲስ ዘዴ ለክቶ 195 ሺህ ዓመት ገደማ አለ። ከአጥንቱ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በቀጥታ ሊለካ አልቻለም ነበር። በ2022 ሌላ ቡድን የዚያን አመድ ኬሚካላዊ ቅንብር መርምሮ ምንጩን ፈለገ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ገጠመ። የሻላው ክምችት ሊለካ የሚችል ክሪስታል ነበረው፤ ውጤቱም 233 ሺህ ዓመት፣ 22 ሺህ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆነ። አመዱ ከአጥንቱ በላይ ስለሆነ አጥንቱ ከዚያ ይበልጣል ተባለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ቁጥሩ የተለወጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱ ተጽፏል፣ ሌላው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛ፣ «22 ሺህ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች» የሚለው የታማኝነት ምልክት ነው። የማያውቀውን መጠን በቁጥር የሚናገር ሰው፣ ምንም ጥርጣሬ የለኝም ከሚል ሰው ይልቅ ለመታመን የቀረበ ነው።

ሐሰተኛው አጥንት

ተቃዋሚዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት የፒልትዳውን ጉዳይ እውነት ነው፤ ልንደብቀው አይገባም። በ1912 በእንግሊዝ አገር፣ በሱሴክስ፣ ቻርልስ ዶውሰን የተባለ ሰው አገኘሁት ያለው የራስ ቅልና መንጋጋ ታላቅ ግኝት ተብሎ ታወጀ። ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው የዝንጀሮ ይመስል ነበር። በ1953 ግን ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው የኦራንጉታን፣ ጥርሱ በሞረድ የተሳለ፣ አጥንቱም አሮጌ እንዲመስል በቀለም የተነከረ መሆኑ ተረጋገጠ። ለ40 ዓመት ያህል ብዙዎች ተታለዋል። ጉዳቱም በዚያ አላበቃም፤ በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ታውንግ ይፋ የሆነው እውነተኛ ግኝት ከፒልትዳውን ጋር ስላልተስማማ ለዓመታት ተገፍቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን? «አንዱ ሐሰት ሆነ፤ ስለዚህ ሁሉም ሐሰት ነው» ብሎ መደምደም ለእኛ ለራሳችን አደገኛ ነው። በሐዲስ ስም የተፈበረኩ መውዱዕ ወሬዎች ስንት ናቸው? ጠላቶቻችን «ውሸት ስለተገኘበት ሐዲስ ሁሉ ይጣል» ሲሉን ምን እንመልሳለን? ውሸታሞች በመኖራቸው ምክንያት ዑለማኦቻችን የማጣሪያውን ዕውቀት እንዳበለጸጉት፣ ራዊውን ከራዊ እንደመዘኑት እንናገራለን። የፒልትዳውንንም ውሸት ያጋለጡት አጥንቱን እንደገና የለኩና የመረመሩ የዚያው ሙያ ሰዎች ናቸው። በአንድ ሚዛን ለራሳችን፣ በሌላ ሚዛን ለሌላው መመዘን ከፍትሕ አይቆጠርም።

ግኝት፣ ልኬት፣ ትርጓሜ

እንግዲህ አንድ ሌክቸር ስንሰማ ሦስት ነገሮችን እንለይ። ግኝት በእጅ የሚዳሰሰው ነው። ልኬት በመሣሪያ የተቆጠረው ነው። ትርጓሜ ሰው ከሁለቱ ተነስቶ የሚለው ነው። ሦስቱ እኩል ጥንካሬ የላቸውም።

የዲኪካን ሌላ ግኝት እንውሰድ። በ2010 አንድ ቡድን በሁለት የእንስሳት አጥንቶች ላይ ጭረት አገኘሁ አለ። ግኝቱ አጥንቱና ጭረቱ ነው። ልኬቱ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ትርጓሜው «በድንጋይ መሣሪያ ሥጋ የቆረጠ አለ» የሚል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ግኝቱንም ልኬቱንም ተቀብለው ትርጓሜውን ተቃወሙ፤ ጭረቱ በእንስሳት እግር ሲረገጥ ወይም በአዞ ጥርስ ሊመጣ ይችላል አሉ። በስለሺ ሰማው የሚመራው ጥናት በ1997 ይፋ ያደረጋቸው የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች ግን 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ራሳቸው መሣሪያዎቹ ናቸው፤ በእጅ ይያዛሉ። የሁለቱ ማስረጃ ደረጃ ይለያያል።

ትርጓሜ ሲሳሳት ምን ይደረጋል? በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ 4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ሰው አጽም በ2012 ተገኝቶ፣ ዲኤንኤው ተነቦ በ2015 ታተመ። ጽሑፉ ከአፍሪካ ውጭ የተመለሱ ሰዎች ዘር እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በሰፊው ተሰራጭቷል ይል ነበር። ከወራት በኋላ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ትንተናው ውስጥ ስህተት ማግኘታቸውንና መደምደሚያው የተጋነነ መሆኑን በይፋ አሳወቁ። የዲኤንኤው ንባብ ቆመ፤ የተጋነነው ድምዳሜ ተነሳ። ወደ ሐቅ መመለስን ታላላቅ ኢማሞቻችንም ያከበሩት ምግባር ነው።

ስለ አደም (ዐ.ሰ.)ስ?

ሙስሊም ተማሪን በእውነት የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሳንነካው ብናልፍ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ የዕድሜው ጉዳይ። ቁርኣን የምድርን ዕድሜም ሆነ የአደምን (ዐ.ሰ.) ዘመን በዓመት ቁጥር አልነገረንም። «ዓለም ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው» የሚለው ስሌት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረው ጳጳስ ጄምስ አሸር ያሉ ክርስቲያን ሊቃውንት ከራሳቸው መጽሐፍ የዘር ሐረግ ቆጥረው ያወጡት ነው። አንድ ንብርብር ሦስት ሚሊዮን ዓመት ሆነው ሲባል የምንደነግጥበት ምክንያት የለንም፤ የሌላውን ጭንቀት ተውሰን አንሸከም።

ሁለተኛ፣ የአፈጣጠሩ ጉዳይ። አላህ (ሱ.ወ.) አደምን ያለ አባትና ያለ እናት ከአፈር እንደፈጠረው፣ ሩሕ እንደነፋበት፣ የነገሮችን ስም ሁሉ እንዳስተማረው እናምናለን። ይህን ያወቅነው በወሕይ ነው። የአጥንት ጥናት የሚሠራው በመሬት ውስጥ በቀረ ቅሪትና ተደጋግሞ በሚታይ የተፈጥሮ ሥርዓት ላይ ነው። ሩሕ ቅሪተ አካል አይተውም፤ ተአምርም በወንፊት አይነፋም። ስለዚህ ተመራማሪው «ይህ አጥንት ይህን ይመስላል፣ ዕድሜው ይህን ያህል ነው» ሲል በሙያው ውስጥ ነው። «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» ካለ ከሙያው ወጥቶ ፍልስፍና ጀምሯል፤ ያኔ የጉድጓዱ ማስረጃ አብሮት አይሄድም።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ጥንታውያን ፍጥረታት ከእኛ ጋር ያላቸው ዝምድና በዝግመተ ለውጥ መተርጎሙ በሳይንሱ ሰዎች ዘንድ ሰፊ ስምምነት ያለው ነው፤ ይህን አሳንሶ ማቅረብ ታማኝነት አይሆንም። በዘመናችን ዑለማኦች መካከል ደግሞ ጉዳዩ ይተነተናል። ትርጓሜውን ከመሠረቱ የማይቀበሉ አሉ። በሌሎች ፍጥረታት ላይ ችግር የለውም፣ የአደም አፈጣጠር ግን በወሕይ የተለየ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ጽሑፍ በመካከላቸው ፈራጅ አይደለም። ጥያቄ ያደረበት ሰው በልቡ ይዞት ከመብሰልሰል ይልቅ ዲኑንም የሳይንሱንም ነገር የሚያውቅ ዓሊም ፈልጎ ይጠይቅ።

በተግባር

ክፍል አትቅሩ፤ ምዕራፉን በደንብ አጥኑ። በፈተና «ሳይንሱ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሳይንሱን መልስ በትክክል መጻፍ የሌላን ንግግር መዘገብ እንጂ የዐቂዳ ምስክርነት አይደለም። አስተማሪውን መጠየቅ ስትፈልጉ «ይህ ግኝት ነው ወይስ ትርጓሜ? የተለካው ምኑ ነው?» ብላችሁ በአደብ ጠይቁ። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ክፍሉን ሁሉ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱና ተመልከቱ። ለሕዝብ የቆመው የድንቅነሽ ቅጂ ሲሆን ዋናው አጥንት ለብቻው ተጠብቆ እንደሚቀመጥም እወቁ።

ይህን ዘዴ ማወቅ ለራሳችን ታሪክም ይጠቅመናል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሀርላ በተደረገው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎችና የሸክላ ስባሪዎች መገኘታቸው በ2017 ተነግሯል። ያንን ታሪክ ያወጣው ይኸው የንብርብር ንባብ፣ ይኸው ወንፊት፣ ይኸው ልኬት ነው። በሀርላ ሲመሰክርልን የምንደሰትበትን ሚዛን በሐዳር ሲሆን መስበር አንችልም። ከመካከላችንም ይህን ሙያ ተምረው፣ በአማና ቆፍረው፣ በአማና የሚጽፉ እህቶችና ወንድሞች ያስፈልጉናል።

ለሐለቃ ውይይት

1. ሰነድ የሌለው ሐዲስና ቦታው የማይታወቅ አጥንት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በዚህ ሴሚስተር ከሰማችሁት ሌክቸር አንድ ዓረፍተ ነገር ውሰዱና ግኝት፣ ልኬት ወይስ ትርጓሜ መሆኑን ለዩ።
3. የኦሞ ኪቢሽ ቁጥር መለወጡ እምነታችሁን በጥናቱ ላይ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ለምን?
4. «ፒልትዳውን ሐሰት ስለነበር ሁሉም ሐሰት ነው» ለሚል ጓደኛችሁ በአደብ ምን ትመልሱለታላችሁ?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ የምንከተለውም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።